ደኅንነት ከገበያ ይጀምራል፦ በደሴና ኮምቦልቻ መንገድ ተሳፋሪና ሸማች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ደሴ/ኮምቦልቻ፦ ደሴንና ኮምቦልቻን የሚያገናኘው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ተጓዡ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከምትገኘው፣ የጦሳ ተራራ ሥር ከተቆረቆረችው ደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ በመውረድ 1 ሺህ 850 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው የቦርከና ሸለቆ ይደርሳል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው ይህ መስመር ዛሬም የሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ ዋና መተላለፊያ ነው። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው ከባድ ተሽከርካሪ፣ በ2009 ዓ.ም. ለተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ የሚያመላልሰው አውቶቡስ፣ ወደ አዲስ አበባና ወደ ወልድያ የሚጓዘው ተሳፋሪ፣ ከተማ ውስጥ የሚዞረው ባጃጅ፣ እህሉን በአህያ ጭኖ ገበያ የሚወጣው አርሶ አደር ሁሉም አንዱን አስፋልት ይጋራሉ።

ስለ ትራፊክ አደጋ ሲነሣ በቅድሚያ የሚወቀሰው አሽከርካሪው ነው። አሽከርካሪው ትልቁን ኃላፊነት እንደሚሸከም አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ አደጋው ተሽከርካሪው ከመናኸሪያ ሳይወጣ ገና በገበያ ላይ የሚዘጋጅበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ርካሽ ተብሎ የተገዛ የፍሬን ሸራ፣ ዕድሜው ሳይጣራ የተገጠመ ጎማ፣ “ቶሎ ልድረስ” በሚል በትርፍ የተያዘ መቀመጫ፣ ከሚችለው በላይ እንዲጭን የተከራየ አይሱዙ፣ ሁሉም የግዢ ውሳኔዎች ናቸው። የሚገዛውና የሚከፍለው ሰው ምን እንደሚገዛ ካወቀ፣ ከመንገዱ አደጋ ከፊሉን አስቀድሞ መቀነስ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እንደሚያሳየው በትራፊክ አደጋ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 1 ነጥብ 19 ሚሊዮን ሰዎች ይሞታሉ። ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው የዕድሜ ክልል ደግሞ ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው አደጋ ነው። ከሟቾቹ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ደቡብ ወሎም ይህን ሐዘን በቅርብ ያውቀዋል። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በለጋምቦ ወረዳ አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች ሕይወታቸውን ማጣታቸው የሚታወስ ነው።

ቁልቁለቱ ከፍሬን ምን ይጠይቃል?

በረጅም ቁልቁለት ላይ ያለ ተሽከርካሪ ፍጥነቱን የሚገታው ጉልበቱን ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። ጭነቱን ጨምሮ 10 ቶን የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ከፍታ ወርዶ ሲቆም የሚፈጠረው ሙቀት በስሌት ከ170 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ሙቀት አብዛኛውን የፍሬን ሸራውና ከበሮው ብቻቸውን እንዲሸከሙ ከተተወ ሸራው ይግላል፤ የመያዝ አቅሙም ይዳከማል። አሽከርካሪው ፔዳሉን ቢረግጥም መኪናው እንደ ቀድሞው አይታዘዝም። በዚህ ጊዜ የሚሸት የመቃጠል ሽታ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው።

መፍትሔው ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ ማድረግ ነው። በሙያው የታወቀው መመሪያ ዳገቱን ለመውጣት በሚያስፈልገው ማርሽ ቁልቁለቱንም መውረድ ነው። ማርሹ መቀነስ ያለበት ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ተሽከርካሪው ፍጥነት ከያዘና ፍሬኑ ከጋለ በኋላ ማርሽ ለመቀነስ መሞከር አስቸጋሪ ይሆናል። ነዳጅ ለመቆጠብ በሚል ማርሽ አውጥቶ ወይም ሞተር አጥፍቶ ቁልቁለት መውረድ እጅግ አደገኛ ልማድ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ለፍሬኑና ለመሪው የሚሰጠው እገዛ ስለሚቋረጥ ሁለቱም ይከብዳሉ። በዚህ መንገድ የሚተርፈው ጥቂት ነዳጅ በሰው ሕይወት የሚለወጥ አይደለም።

በክረምት ወራት በተለይም በሐምሌና በነሐሴ በደሴ ዙሪያና በሐረጎ ከፍታዎች ላይ ጉም ይወርዳል። በጉም ውስጥ ረጅሙን መብራት ማብራት አያዋጣም፤ ብርሃኑ ከጉሙ ተመልሶ የአሽከርካሪውን ዓይን ይጋርዳል። አጭሩን መብራት አብርቶ፣ ፍጥነት ቀንሶ፣ ከፊት ካለው ተሽከርካሪ ርቀትን አስፍቶ መጓዝ ይገባል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ ከ16 ሜትር በላይ ይጓዛል። ስልኩን ለማየት ለሦስት ሰከንድ ያጎነበሰ አሽከርካሪ 50 ሜትር ያህል መንገድ ሳያይ አለፈ ማለት ነው።

ፍጥነት ራሱ የአደጋውን ክብደት ይወስናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሞት የሚያስከትል ግጭት የመድረስ ዕድሉ በ4 በመቶ ይጨምራል። እግረኛን በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር የሚገጭ መኪና በ50 ኪሎ ሜትር ከሚገጭ መኪና ጋር ሲነጻጸር እግረኛው የመሞት ዕድሉ በ4 ነጥብ 5 እጥፍ ይበልጣል።

ተሳፋሪው ሸማች ነው

ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ባቲ፣ ከደሴ ሐይቅ ለመጓዝ የሚከፈል ገንዘብ የአገልግሎት ዋጋ ነው። ስለዚህ ተሳፋሪው ስኳር ወይም ሳሙና ከሚገዛ ሰው ያላነሰ መብት አለው። በተወሰነው ታሪፍ የመክፈል፣ የራሱን መቀመጫ የማግኘት፣ በደኅና የመድረስ መብቱ በክፍያው ውስጥ ያለ ነው።

ትርፍ መጫን ይህን መብት ከሚጥሱ ልማዶች ቀዳሚው ነው። በሚኒባስ መተላለፊያ ላይ ዱካ አስቀምጦ መቀመጥ፣ ለሦስት በተሠራ መቀመጫ አራት ሆኖ መጫን፣ በባጃጅ ከአሽከርካሪው ጎን መደገፍ የተለመዱ ሆነዋል። ጉዳቱ ግን የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ክብደት ሲጨምር ተሽከርካሪው ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ይረዝማል፤ ፍሬኑ ፈጥኖ ይግላል፤ በኩርባ ላይ የመገልበጥ ዕድሉ ይጨምራል። ግጭት ሲደርስ ደግሞ በዱካ ላይ የተቀመጠው ሰው ምንም የሚይዘው ነገር ስለሌለ ወደ ፊት ይወረወራል፤ ራሱም ይጎዳል፣ ሌላውንም ይጎዳል። መተላለፊያው በሰው በመዘጋቱ ከአደጋ በኋላ ከተሽከርካሪው መውጣትም ያስቸግራል።

በዓላት ሲቃረቡ ችግሩ ይበረታል። መስከረም 21 ለሚከበረው የግሸን ማርያም በዓል፣ ለመውሊድ ወደ ጀማ ንጉሥ፣ ለአዲስ ዓመትና ለዒድ ወደየቤተሰቡ የሚጓዘው ሕዝብ ብዙ ነው። በእነዚህ ቀናት ታሪፉ ሊጨመር፣ ለሕዝብ ማመላለሻ ያልተመዘገበ መኪናም ተሳፋሪ ሊጭን ይችላል። ቀኑ ሳይደርስ አስቀድሞ መጓዝ፣ ከመናኸሪያ ውጭ ከመሳፈር መቆጠብ፣ የተሽከርካሪውን ታርጋ መዝግቦ መያዝ ብዙ ጣጣ ያድናል። ከመናኸሪያ ውጭ በድብቅ የተጫነ መንገደኛ አደጋ ቢደርስ በዚያ መኪና መጓዙን ማስረዳት ሊቸግረው ይችላል።

ተሳፋሪው ከመሳፈሩ በፊት ጥቂት ነገሮችን በዓይኑ ማየት ይችላል። ጎማው የተላጨ ነው ወይስ ጥርስ አለው? በመስተዋቱ ላይ የተለጠፉት ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ምልክት የዘንድሮ ናቸው? የኋላ መብራት ይሠራል? በሩ በትክክል ይዘጋል? አሽከርካሪው እንቅልፍ የተጫነው ወይም መጠጥ የቀመሰ ይመስላል? ለእነዚህ መልሱ የማያረካ ከሆነ ቀጣዩን መኪና መጠበቅ መብት ነው። በጉዞ ላይ ደግሞ አሽከርካሪው ሲፈጥን ወይም ስልክ ሲያነጋግር በጨዋ ቃል “ወንድሜ፣ ቀስ በል፤ ሁላችንም ቤተሰብ አለን” ማለት ነውር የለበትም። አንድ ሰው ሲናገር ሌሎቹ ዝም ካሉ ቃሉ ይወድቃል፤ ሁሉም ሲደግፈው ግን ይሰማል። በአንጻሩ “ምነው እንደ ኤሊ ተጓዝክ!” እያለ አሽከርካሪውን የሚያጣድፍ ተሳፋሪ የሚገፋው ራሱን ወደ አደጋ ነው።

የደኅንነት ቀበቶ ባለበት መቀመጫ ላይ ቀበቶውን ማሰር ዋጋ የማይጠየቅበት መከላከያ ነው። ቀበቶ በተሽከርካሪ ውስጥ ያለን ሰው የመሞት ዕድል እስከ 50 በመቶ እንደሚቀንስ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። በጋቢና ሕፃን አቅፎ መቀመጥ ግን ሕፃኑን መጠበቅ አይደለም። በግጭት ጊዜ የሚፈጠረው ኃይል ከእናት ክንድ አቅም በላይ ስለሆነ ሕፃኑ ከእቅፍ ይወጣል። ሕፃናት በኋላ መቀመጫ ቢሆኑ ይሻላል።

መለዋወጫ ሲገዛ

የተሽከርካሪ ባለንብረት፣ የባጃጅ አሽከርካሪ ወይም የሞተር ብስክሌት ባለቤት ከሚያወጣቸው ወጪዎች አንዱ የመለዋወጫ ነው። የዕቃው ዋጋ ሲወደድ ርካሹን መፈለግ ያለ ነው። ሆኖም ከመለዋወጫዎች ሁሉ በርካሽነት ሊመረጡ የማይገባቸው አሉ፦ የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ዘይት፣ ጎማና የመሪ ክፍሎች። የሬዲዮ ብልሽት ጉዞን ያሰለቻል፤ የፍሬን ብልሽት ግን ጉዞውን ያስቀራል።

ተመሳስሎ የተሠራ ዕቃ ብዙ ጊዜ በማሸጊያው ይታወቃል። የጽሑፉ ቀለም የደበዘዘ፣ የፊደል ግድፈት ያለበት፣ የአምራቹ አድራሻ ወይም የምርት መለያ ቁጥር የሌለው፣ ማኅተሙ የተከፈተ፣ ዋጋው ከሌሎች ሱቆች እጅግ ዝቅ ያለ ከሆነ መጠርጠር ይገባል። አሮጌውን ዕቃ ይዞ ሄዶ ከአዲሱ ጋር በክብደት፣ በመጠንና በቅርጽ ማነጻጸርም ይረዳል።

የፍሬን ዘይት የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በብዛት በአገልግሎት ላይ ያሉት ዶት 3 እና ዶት 4 የተባሉት ዘይቶች ከአየር ውስጥ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አላቸው። እርጥበት የሳበ ዘይት በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በሚፈላበት ጊዜ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ባዶ ይወርዳል። እንዲህ ያለው ዘይት በከተማ ሜዳ ላይ ጉድለቱ ሳይታወቅ ከርሞ ፍሬኑ በሚግልበት በሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሊገለጥ ይችላል። ስለዚህ በውኃ ፕላስቲክ እየተቀዳ የሚሸጥ ወይም ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ የፍሬን ዘይት መግዛት አይገባም። የፍሬን ሥራ ሲሠራም ጋራዥ ውስጥ የታሸገው ዕቃ በባለቤቱ ፊት እንዲከፈት መጠየቅ ተገቢ ነው።

የጎማን ዕድሜ ማንበብ

ጎማ ሲገዛ ብዙዎች የሚያዩት ጥርሱን ብቻ ነው። ጎማ ግን ሳይነዳም ያረጃል። ለፀሐይና ለሙቀት ሲጋለጥ ላስቲኩ ይደርቃል፤ ይሰነጣጠቃልም። የተመረተበትን ጊዜ ማወቅ አስቸጋሪ አይደለም። በጎማው ጎን ላይ ዲ፣ ኦ፣ ቲ ከሚሉት የላቲን ፊደላት ጋር ከታተመው ረጅም መለያ መጨረሻ አራት አኃዞች ይገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ያመለክታሉ።

ለምሳሌ 2319 የሚል ቢጻፍ ጎማው በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው። ይህም በእኛ አቆጣጠር 2011 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ገደማ ይሆናል። ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለመመለስ ከጥር እስከ ነሐሴ ድረስ ላለው ጊዜ 8 ዓመት፣ ከመስከረም አጋማሽ ወዲህ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ድረስ ላለው ደግሞ 7 ዓመት መቀነስ ነው። በርካታ የጎማ አምራቾች ጥርሱ ቢኖርም እንኳ ከተመረተ 10 ዓመት የሞላው ጎማ እንዲቀየር ይመክራሉ። ስለዚህ “አዲስ ነው” የተባለ ጎማ በመጋዘን ስንት ዓመት እንደቆየ መጠየቅ የገዢው ድርሻ ነው።

የጥርሱን ጥልቀት ለማየት በጉድጓዶቹ መካከል ያሉትን ትንንሽ ጉብታዎች መመልከት ይበቃል። ጥርሱ ከጉብታዎቹ እኩል ከሆነ ጎማው አገልግሎቱን ጨርሷል። ያገለገለ ጎማ የሚገዛ ሰው ደግሞ ውስጡን ጭምር ይመልከት፤ የተለጠፈበት፣ ጎኑ ያበጠ ወይም ሽቦው የወጣ ጎማ በምንም ዋጋ ርካሽ አይደለም። የአየር ልክም ሊዘነጋ አይገባም። አየሩ ያነሰ ጎማ በሚንከባለልበት ጊዜ ይበልጥ ይታጠፋል፤ በመታጠፉም ይግላል። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ቆላ ለሚወርድ ተሽከርካሪ ይህ ሙቀት ከአየሩ ሙቀት ጋር ተደምሮ ለመፈንዳት ምክንያት ይሆናል።

ሄልሜት ለትራፊክ ፖሊስ አይደለም

ሞተር ብስክሌት በወረዳ ከተሞችና በገጠር ቀበሌዎች መካከል ፈጣን መጓጓዣ ሆኗል። የግብርና ባለሙያዎችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ይጠቀሙበታል። ሄልሜትን በአግባቡ መልበስ በአደጋ ጊዜ የመሞት ዕድልን ከ6 እጥፍ በላይ፣ የአንጎል ጉዳትን ደግሞ እስከ 74 በመቶ እንደሚቀንስ የዓለም ጤና ድርጅት ያመለክታል። እዚህ ላይ “በአግባቡ” የሚለው ቃል ትልቅ ትርጉም አለው። በመሪው ላይ የተንጠለጠለ ወይም ማሰሪያው ያልታሰረ ሄልሜት አይቆጠርም።

ለግንባታ ሠራተኛ የተሠራ ቆብም ለሞተር አይሆንም። የግንባታው ቆብ የተሠራው ከላይ የሚወድቅ ነገርን ለመመከት ሲሆን፣ የሞተሩ ሄልሜት ግን ከጎንና ከኋላ የሚመጣውን ምት ጭምር የሚውጥ ወፍራም የውስጥ ስፖንጅ አለው። ገዢው በክብ ውስጥ የተጻፈ “ኢ” የተሰኘውን የላቲን ፊደልና ከጎኑ ያለውን ቁጥር ቢፈልግ መልካም ነው፤ ይህ በአውሮፓ መመዘኛ የመፈተኑ ምልክት ነው። ምልክቱም በሐሰት ሊታተም ስለሚችል ልኩን መሞከር ያስፈልጋል። ማሰሪያውን አስሮ ሄልሜቱን ከኋላ ወደ ፊት ሲገፉት ከራስ ላይ ከወጣ ልኩ አይደለም። አንድ ጊዜ ከባድ ምት ያገኘው ሄልሜት ከውጭ ደኅና ቢመስልም ውስጡ ስለተጨፈለቀ መለወጥ አለበት።

ለአርሶ አደሩ፦ ጭነት፣ ከብትና አውድማ

እህል ወይም ከብት ለመጫን መኪና የሚከራይ አርሶ አደር ራሱ የአገልግሎት ገዢ ነው። የተሽከርካሪው የመጫን አቅም በሊብሬው ላይ የተመዘገበ በመሆኑ ከመዋዋሉ በፊት መጠየቅ ይችላል። ከአቅም በላይ ተጭኖ በአንድ ጉዞ የተረፈው ገንዘብ በመንገድ ላይ እህሉ ቢደፋ፣ በሬው ቢሞት ወይም ሰው ቢጎዳ የሚተካ አይደለም። በጭነት ላይ ሰው ማሳፈር ደግሞ በሕግ የተከለከለ ነው። ጭነት በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሲቆለልም የተሽከርካሪው ክብደት ወደ ላይ ይወጣል፤ በኩርባ ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል። በግና ፍየል ሲሆን ደግሞ እንስሳቱ ወደ አንድ ወገን ሲጠጉ ሚዛኑ በድንገት ይዛባል።

ከብት አስፋልት በሚያቋርጥበት ቦታ ቢያንስ አንድ ሰው ከፊት፣ አንድ ሰው ከኋላ ቢሆን ይመረጣል። ከኩርባ አጠገብ ከማሻገር ይልቅ ከሁለቱም አቅጣጫ ርቆ የሚታይ ሜዳ መምረጥ ይገባል። ሰኞ ለባቲ ገበያ ገና ሳይነጋ የሚነሡ ነጋዴዎችና አርሶ አደሮች ከፊትና ከኋላ መብራት ቢይዙ፣ ጥቁር ብርድ ልብስ ከመከናነብ ይልቅ ነጭ ጋቢ ከላይ ቢደርቡ አሽከርካሪው ከሩቅ ያያቸዋል።

በመኸር ወቅት እህል በአስፋልት ላይ ማስጣትና መውቃት በአንዳንድ ቦታዎች ይታያል። ገለባው ለጎማ ያንሸራትታል፤ አሽከርካሪውም እህሉን ለመሸሽ ወደ ሌላው መሥመር ይወጣል። ለአርሶ አደሩም ቢሆን ትርፍ የለውም። በአስፋልት ላይ የተወቃ እህል ዘይት፣ አፈርና የጎማ ብናኝ ይቀላቀልበታል፤ በገበያ ላይ ጥራቱ ይወርዳል። በሸራ ላይ በአውድማ የተወቃ እህል ንጽሕናውም ዋጋውም የተሻለ ነው።

ፀረ ተባይ ኬሚካል ማጓጓዝም የመንገድ ደኅንነት ጉዳይ ነው። ኬሚካል ከእህል፣ ከዱቄት ወይም ከሰው ጋር በአንድ ቦታ መጫን የለበትም። በተለይ ለጎተራ ነቀዝ የሚገዛው አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለው ክኒን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተሰኘ ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ለዚህ መርዝ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ክኒኑን በኪስ ወይም በፌስታል ይዞ መስኮቱ በተዘጋ ሚኒባስ መሳፈር ተሳፋሪውን ሁሉ ለአደጋ ያጋልጣል። ከመደበኛ ሻጭ፣ በዋናው ማሸጊያ፣ ጽሑፉ የሚነበብ ሆኖ መግዛትና በባለሙያ ምክር መጠቀም ያስፈልጋል። በየመንገዱ ዳር በጀሪካንና በፕላስቲክ የሚሸጥ ቤንዚንም እንዲሁ ነው፤ ተሳፋሪ በያዘ መኪና ውስጥ መጫን እሳትን መጋበዝ ነው።

ደረሰኝ የመብት ቁልፍ ነው

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማቹ ግልጽ መብቶችን ሰጥቷል። ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛት፣ በትሕትና የመስተናገድ መብት አለው። ዕቃውን ስላየ ወይም ስለተደራደረ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም። ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ የመለጠፍና ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። የተገዛው ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት ሸማቹ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል።

ይህ ሁሉ ግን ያለ ደረሰኝ ለማስረዳት ይከብዳል። “ያለ ደረሰኝ ከሆነ ልቀንስልህ” የሚለው ድርድር ለጊዜው ጥቂት ብር ያተርፍ ይሆናል፤ የፍሬን ሸራው በሳምንቱ ቢሰነጠቅ ግን ገዢው የሚይዘው ማስረጃ የለውም። ስለዚህ በደረሰኙ ላይ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛት፣ ዋጋና ቀን መጻፉን ማረጋገጥ፣ ማሸጊያውንም ሳይጥሉ ማቆየት ይገባል። ነጋዴው ካልተስማማ አቤቱታ ለከተማው ወይም ለወረዳው የንግድና ገበያ ልማት መሥሪያ ቤት ይቀርባል። የታሪፍና የትርፍ ጭነት ጉዳይ ደግሞ ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤትና ለትራፊክ ፖሊስ ነው። አቤቱታው ታርጋ፣ ቀን፣ ሰዓትና መሥመር ከያዘ በቀላሉ ይጣራል።

አደጋ ከደረሰ በኋላ

አደጋ በደረሰበት ቦታ የመጀመሪያው ሥራ ሁለተኛ አደጋን መከላከል ነው። ሞተር ማጥፋት፣ ከሁለቱም አቅጣጫ ለሚመጡ ተሽከርካሪዎች ከሩቁ ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን ከሌለ ቅጠል ማኖር የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ለምልክት የተደረደረ ድንጋይ መኪናው ከተነሣ በኋላ እዚያው ሲቀር ማታ ለሚመጣው ሌላ ሰው ወጥመድ ይሆናል። ያስቀመጠው ሰው ሳያነሣ መሄድ የለበትም።

ቀጥሎ የቀይ መስቀል አምቡላንስን በ907፣ ፖሊስን በ991 መጥራት ይገባል። ደም የሚፈስበትን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን ሕይወት ያድናል። ራሱን ለሳተ ሰው ውኃ ማጠጣት ግን ወደ ሳንባው ሊገባ ስለሚችል አይፈቀድም። እሳት ወይም ሌላ አስቸኳይ አደጋ ከሌለ አንገቱ ወይም ጀርባው የተጎዳን ሰው ጎትቶ ማውጣት ለዘላቂ ሽባነት ሊዳርገው ይችላል። በመክበብና ፎቶ በማንሳት አየርና መንገድ መዝጋትም መቅረት ያለበት ልማድ ነው።

የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ተሽከርካሪ የመድን ሽፋን ሳይኖረው በመንገድ ላይ እንዳይነዳ ያስገድዳል። ለተጎጂዎች የሚሰጥ አስቸኳይ የሕክምና አገልግሎትም በአዋጁ ተካቷል። ገጭቶ ባመለጠ ያልታወቀ ተሽከርካሪ ወይም መድን በሌለው ተሽከርካሪ ለተጎዱ ሰዎች ካሳ የሚከፈልበት የመድን ፈንድም ተቋቁሟል። በመሆኑም ተጎጂው ወይም ቤተሰቡ ታርጋውን፣ የመድን ድርጅቱን ስም፣ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱንና የሐኪም ማስረጃውን መያዝ አለባቸው። በገጠር ጉዳዩ በሽማግሌ ይታይ በሚል ለፖሊስ ሳይነገር የሚቀርበት ጊዜ አለ። ዕርቅ የከበረ ባህል ነው፤ ሆኖም የፖሊስ ሪፖርት ሳይያዝ ሲቀር የተጎጂው ቤተሰብ ከመድን ሊያገኝ የሚገባውን ያጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል።

የሐረጎ ኩርባ በአንድ ጀንበር አይቃናም፤ ጉሙም ክረምት በመጣ ቁጥር ይወርዳል። በሰው እጅ ያለው ግን ብዙ ነው። የጎማውን አራት አኃዝ የሚያነብ ባለንብረት፣ የታሸገ የፍሬን ዘይት በፊቱ የሚያስከፍት የባጃጅ አሽከርካሪ፣ በዱካ ላይ አልቀመጥም የሚል ተሳፋሪ፣ ከልኩ በላይ አትጫን የሚል አርሶ አደር፣ ደረሰኝ የሚቀበል ገዢ ተጨማሪ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። ገዢው የማይቀበለውን ዕቃና አገልግሎት ሻጭ ለረጅም ጊዜ ይዞ አይቆይም። ለደኅንነት የሚጨመረው ጥቂት ብርና ጥቂት ደቂቃ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ላይ አባወራውን፣ እማወራዋንና ልጁን ወደ ቤታቸው የሚመልስ ክፍያ ነው።